ጎመን የሰፈር፣ ሽንኩርት የባለቤቱ

ጎመን የተከለ ሰው የግል ሕይወት የለውም። ይህን የምለው ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ እንጦጦ ግርጌ፣ ጥቂት መደብ ብቻ የምትይዝ ጓሮ ከሰፈሩ ሕዝብ ጋር በጋራ ስለማስተዳድር ነው። “በጋራ” ስል የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነው፤ እኔ እቆፍራለሁ፣ እኔ አርማለሁ፣ እኔ ውኃ አጠጣለሁ፤ ሰፈሩ ደግሞ ይቆርጣል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአጥሩ ነው። አጥሬ የሽቦ ነው፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያያል። በአገራችን ደግሞ ጎመን በቀጥታ አይጠየቅም። “ጎመን ስጠኝ” ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ አጥሩ ጋ ቆም ይባላል፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቹ፣ ጤናው፣ ኑሮው ሁሉም በየተራ ይጠየቃል፤ ከዚያ ዓይን ቀስ ብሎ ወደ መደቡ ይሻገርና፣ “ውይ! ጎመኑ እንዴት አምሮበታል!” ይባላል። ይህ አድናቆት እንዳይመስላችሁ። ማመልከቻ ነው። መልሱም አንድ ብቻ ነው፤ “ኧረ ይግቡና ይቁረጡ!” ሌላ መልስ የሚሰጥ ሰው ቢኖር ቤቱን ሸጦ ሌላ ሰፈር ቀብድ የከፈለ ነው።

ሰበብ መፍጠርም አይቻልም። ዘይት የተጠየቀ ሰው “ትናንት አለቀ” ሊል ይችላል፤ ዘይቱ ያለው ጓዳ ነው፣ ማን አይቶ! ጎመን ግን ባለቤቱ ሲዋሽ ከጀርባው ቆሞ ቅጠሉን ያወዛውዛል። በዚያ ላይ የጓሮ ጎመን በአንድ ቆረጣ የሚያልቅ አትክልት አይደለም። የታችኛው ቅጠል ሲሸመጠጥ ከላይ ሌላ ያወጣል፤ እንዲህ እያለ ለወራት ይሰጣል። ጥቅል ጎመን ቢሆን አንዴ ይቆረጥና ነገሩ ይዘጋል። ጎረቤቴ እማማ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። “እኛኮ የታችኛዋን ነው የምናነሣልህ ልጄ፤ ካልተቀነሰላት አትበረታም” ይሉኛል፣ ነጠላቸውን ዘርግተው እየሸመጠጡ። ወሳጅም መካሪም እሳቸው ናቸው።

ከብዙ ማውጣት ማውረድ በኋላ አንድ ሕግ አረቀቅኩ፤ ከመሬት በላይ ያለው የሰፈር ነው፤ ከመሬት በታች ያለው የባለቤቱ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንች፤ እነዚህ ሀብታቸውን አፈር አልብሰው የሚያድሩ ጨዋዎች ናቸው። “ውይ! ሽንኩርትህ እንዴት አምሮበታል!” ብሎ አጥር ላይ የሚቆም የለም። ምኑን አይቶ? ስለዚህ ጎመኑን ለሰፈሩ ትቼ፣ ለራሴ ወደ ታች መትከል ጀመርኩ። ዓመቱ ይህን ሕጌን እንዴት እንዳከበረልኝ በየወቅቱ ልንገራችሁ።

በቀን መቁጠሪያው ዓመት የሚባተው በመስከረም ነው፤ ጓሮ ያለው ሰው ግን ዘመኑን የሚለውጠው በሰኔ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ነው። ዝናቡ ቀጠሮ አያከብርም፤ አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። ነጭ ሽንኩርት የሚተከለው መሬቱን አርሶ ገና ሳያጨቀየው ነው። ዘሩ ደግሞ የሚበተን አይደለም፤ የሚተከለው ራሱ ነጭ ሽንኩርቱ ነው። አንዱ ራስ ይፈለቀቃል፤ እያንዳንዱ ፍሬ ከነልጣጩ፣ ሹሉ ወደ ላይ፣ ሥር የሚያወጣው ጠፍጣፋው ወደ ታች ሆኖ ይቀበራል፤ በአንዱና በሌላው መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። መደቡ ከፍ ማለት አለበት። የሐምሌ ውኃ የተኛበት ነጭ ሽንኩርት ከሥሩ ይበሰብሳል።

የቤታችን ጠብ የሚነሣው በምርጫው ላይ ነው። ትልቅ ራስ የሚሰጠው ትልቁ ፍሬ ስለሆነ፣ ለተከላ የሚመረጠው ወፍራም ወፍራሙ ነው። ለወጥ የሚተርፈው ያ መሀል መሀሉን የተሰገሰገው፣ ሲልጡት ጥፍር የሚያሳምመው ቀጫጫ ነው።

“ይኼን ሁሉ ወፍራም ወፍራሙን ቀብረህ ምን ልታገኝ ነው?” አለችኝ ባለቤቴ።

“አንዱ ፍሬ አንድ ራስ ይሆናል።”

“መቼ?”

“ጥቅምት ላይ።”

“እስከ ጥቅምት ወጡን በተስፋ ላቁላላው?”

መልስ አልነበረኝም። ቀጫጫውን በእፍኟ ሰብስባ ወደ ማድ ቤት እየገባች፣ “እኔ የማውቀው የሚቀበረው የሞተ ነው” አለች።

ሐምሌና ነሐሴ ጎመን የሚነግሥባቸው ወራት ናቸው። ድሮ ጎተራው ተሟጦ አዲሱ እህል ሳይደርስ በሚቀርበት በዚያ ጭንቅ ጊዜ፣ ድሃውን አሻግሮ ለመስከረም የሚያበቃው ጎመን ነበር። ውለታው የተከፈለው ግን እንዲህ ነው፤ ዓመቱ ሲለወጥ፣ “የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!” ተብሎ ከነምንቸቱ ይባረራል። ክረምቱን ሙሉ ያበላ ባለውለታ በአደባባይ ሲሸኝ “ኧረ ነውር ነው” ያለ ሽማግሌ አልተሰማም። “ጎመን በጤና” የምንለውም ቢሆን ሥጋው ሲያቅተን ለመጽናኛ ነው።

ጎመን ግን ቂም አልያዘም፤ ሻንጣውን አንሥቶ ውጭ አገር ሄደ። የሳይንስ ሰዎች ብራሲካ ካሪናታ የሚሉት የሐበሻ ጎመን ነው፤ አገሩ የእኛው ደጋ፣ ዘሩም ዘይት ያለው። በፈረንጆቹ ጥቅምት 2012 ካናዳ ውስጥ አንድ ጄት ከዚህ ጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ፣ ሌላ ምንም ሳይቀላቀልበት፣ ሰማይ ላይ ወጣ። በጥር 2018 ደግሞ የአውስትራሊያው ኳንታስ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ያበረረው አውሮፕላን ከተለመደው ነዳጅ ጋር ይኸው የጎመን ዘይት ተቀላቅሎለት ሰላማዊ ውቅያኖስን ተሻገረ። ይህን ለእማማ ስነግራቸው የሸመጠጡትን ቅጠል በእጃቸው እንደያዙ ትክ ብለው አዩኝ።

“አሜሪካ ገባ ነው የምትለኝ?”

“አዎ እማማ፤ አልፎም አውስትራሊያ ሄዷል።”

“ጎመኑ?”

“ጎመኑ።”

“የእኔ ልጅ በቪዛ ስንት ዓመት ሲንከራተት!” አሉና ቅጠሉን በንቀትም በአክብሮትም ነጠላቸው ላይ ጣሉት። እውነቱን ለመናገር አሜሪካ ያሉት ወገኖቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀቅሉት ኮላርድ የሚባለውን የዚያን አገር ጎመን ነው፤ የኛው ዘር እየበረረ እነሱ በተተኪ ይጾማሉ።

ክረምቱ ሌሎቹን አትክልቶች እንዲህ አያከብርም። ቲማቲም በሐምሌ መትከል ለሐዘን መዘጋጀት ነው። ዛሬ ለምልሞ ያደረው ቅጠል በጥቂት ቀን ውስጥ ጠቋቁሮ ይረግፋል፤ በሽታው በፈረንጆቹ 1840ዎቹ የአየርላንድን ድንች አበስብሶ ሕዝቡን ያስራበው፣ ያሰደደውም ነው። ነጭ ሽንኩርቱንም ዋግ ይመታዋል፤ ቅጠሉን በሁለት ጣት ጨበጥ አድርጋችሁ ሳብ ብታደርጉ ብርቱካንማ ዱቄት ጣታችሁ ላይ ይቀራል። ሰላጣውን ሌሊት ቀንድ አውጣ ይበላዋል። ጠዋት ብር የመሰለ መስመሩን ተከትዬ ሄጄ ዘወትር የማገኘው ጎመኑ ሥር ተኝቶ ነው። እሱም የሰፈሩ ነዋሪ ነው፤ አጥሩን ያውቀዋል።

ጳጉሜን ላይ ሕጌ በማያጠራጥር ሁኔታ ተረጋገጠ። ለእንቁጣጣሽ የተገዛው በግ ጓሮ ችካል ላይ ታስሮ አደረ። ገመዱን ያሰረው የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ቋጠሮውን “ይህን የፈታ ሰው ነው” ብሎ አስመርቆ ነበር የሄደው። በጉ ሰው ሆነ። ማለዳ ስወጣ ችካሉ ከነክብሩ ቆሟል፤ በጉ ጎመኑ መሀል ተኝቶ ያመሰኳል። ከጎመኑ የቀረው አጥንቱ ነው፤ አገዳ ብቻ፣ በተርታ። ሰላጣውን ከሥሩ አንሥቶታል። ቆስጣውን ጀምሮ ሰልችቶታል። ነጭ ሽንኩርቱ መደብ ላይ ሲደርስ አንዲት ቅጠል ቆንጥሮ ቀምሶ፣ ተፍቶ፣ በአክብሮት ዞሮ አልፏል። እንግዲህ ከመሬት በታች ያለው የባለቤቱ መሆኑን በግ እንኳ ያውቃል ማለት ነው።

ባለቤቴ ጋቢዋን ደርባ ወጥታ ተመለከተችና፣ “እኛ ጎመን በሥጋ እንሠራለን ስንል ሥጋው ቀድሞ ሠራው” አለች። ያን ዓመት በዓል ሰፈሩ ጎመኑን ያገኘው በጥብስ መልክ ነው። ማንም ቅር አልተሰኘም።

ጥቅምት ሲገባ የነጭ ሽንኩርቱ የታች ቅጠሎች መንጣት ይጀምራሉ። ያኔ አፈሩን በዶማ ጫፍ ላላ አድርጎ፣ አገዳውን ጨብጦ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ሲወጣ የሚሰማውን “ጥቅ” የሚል የሥር ድምፅ የሰማ ሰው ለምን ጓሮ እንደሚደከም ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። አፈሩ ይራገፋል እንጂ በውኃ አይታጠብም፤ ከነቅጠሉ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ከዚያ ተጎንጉኖ ይሰቀላል። በሚቀጥለው ዓመት መደቡ መቀየር አለበት። ነጭ ሻጋታ የሚባለው የሽንኩርት ወገኖች በሽታ አንዴ መሬቱን ከለመደ ከ20 ዓመት በላይ አፈር ውስጥ አድፍጦ ሊቆይ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ቂም በሰፈራችን በድንበር ክርክር እንኳ አልታየም። ጉንጉኑን በረንዳ ላይ ስሰቅል ባለቤቴ ቀና ብላ ቆጠረችውና፣ “ቆንጆ ነው” አለች፤ ቀጥላም፣ “አሁን ደግሞ እነዚህን መቼ ነው የምትቀብራቸው?”

ድሌን ሳልጠግበው ፍልፈል መጣ። ካሮቱ ከላይ ሲያዩት ልብ የሚያሞቅ ነበር፤ ቅጠሉ ለምልሞ፣ መስመሩ ተስተካክሎ። አንዷን ልነቅል ስስብ ያለ ምንም ትግል ወጣችና ልወድቅ ደረስኩ። ከቅጠሉ ሥር አንድ ጣት የማይሞላ፣ በጥርስ የተከረከመ ቁራጭ ተንጠልጥሏል። ቀጣዩም እንዲሁ። ከላይ መንደሩ ሁሉ በሰላም ያለ ይመስላል፤ ከታች ቤቱ ባዶ ነው። ጥቂት ራቅ ብዬ ስቀመጥ ዓይኔ እያየ አንድ የካሮት ቅጠል ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው ዝቅ፣ ዝቅ እያለ እዚያው መሬት ገባ። ነፋስ የለም፤ ሰው የለም፤ ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ተቀበረ።

ፍልፈል ዕድሜውን አብዛኛውን ከመሬት በታች የሚያሳልፍ፣ ዓይኑ ደቃቃ፣ የፊት ጥርሱ ግን ከከንፈሩ ውጭ የቀረ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነዋሪ ነው። ሥራ ሥርና ኮረት ይወዳል። እኔ ከመሬት በታች የሚለውን ሕግ ሳወጣ ከመሬት በታች የሚኖረውን አላማከርኩም ነበር፤ በሕጉ መሠረት ባለቤቱ እሱ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ያለውን ትልቁን ዘመዱን ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቧ አድርጋዋለች። ሽሮ ሜዳ ድረስ የምታወርዳት መጓጓዣ ቢኖር ኪራዩን እኔ እከፍል ነበር። በሌሊት የሚያልፈው ጅብ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እሱ የሚያየው ትልቅ ትልቁን ነው።

ኅዳር ላይ ሁሉም ነገር ይጨሳል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚቃጠልበት ልማድ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዓለምን ያዳረሰው ያ ጉንፋን አዲስ አበባንም አጭዶ ሄዷል። ጓሮ ላለው ሰው ይህ ቀን ሁለት ጥቅም አለው። የደረቀው አገዳና አረም ተጠራርጎ ይሄዳል፤ አመዱ ደግሞ ክሽክሽ የወረረው ጎመን ላይ ይነሰነሳል። ያ በቅጠሉ ጀርባ ተጣብቆ የሚመጠው አመድማ ተባይ አመዱን አይወድም። ችግሩ ጎመኑን የሚወስዱት ሰዎችም አመዱን አለመውደዳቸው ነው። “ምነው ዘንድሮ ጎመንህ ልብሱን አላጠበም?” አሉኝ እማማ። ያን ሳምንት ማመልከቻ አልገባም።

በጋ ሲመጣ ሌላ ዓለም ነው። ፀሐዩ ቀን ያነድዳል፤ ሌሊት ውርጩ ከእንጦጦ ወርዶ የቃሪያውን ጫፍ አጥቁሮ ያድራል። ውኃ በፈረቃ ነው። ስለዚህ ከጓሮ ጎን ጄሪካን በሰልፍ ይቆማል፤ ሰላጣ የታጠበበት ውኃ ሰላጣ ያጠጣል። ይህ ወቅት የቀይ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርት ዝናብ አይወድም፤ ውኃ በልክ፣ ፀሐይ በብዛት ይፈልጋል። በጥቅምት ችግኝ ይፈላል፣ እርሳስ ሲያክል ይዛወራል፣ ራስ አበጅቶ አንገቱን ሲሰብር ይነቀላል።

ለመስቀል ከሆላንድ የመጣ የአክስቴ ልጅ ይህን ጉዳይ ሊያዘምንልኝ አሰበ። ሻንጣውን ከፍቶ ሁለት ነገር አወጣ፤ በወረቀት የታሸገ የሆላንድ ሽንኩርት ዘርና አንድ ከረጢት የቱሊፕ ኮረት። በወረቀቱ ላይ ያለው የሽንኩርት ፎቶ ሕፃን ልጅ ያክላል። ዘራሁት፤ በቀለ፤ ቅጠሉ ጉልበቴ ደረሰ። ከሥሩ ግን ራስ የሚባል ነገር የለም። ሽንኩርት ራስ የሚያበጀው የቀኑን ርዝመት ቆጥሮ ነው። የሰሜን አውሮፓው ዘር ቀኑ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ካልሆነለት አይነቃነቅም፤ አምስተርዳም በበጋዋ ከ16 ሰዓት በላይ ብርሃን ትሰጠዋለች። አዲስ አበባ ረጅሙ ቀኗ 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ምስኪኑ ሽንኩርት ቀኑ እስኪረዝም ሲጠብቅ ሲጠብቅ ቅጠሉ አረጀ። የአክስቴ ልጅ በስልክ፣ “ታገሠው” ይለኛል። እንኳን ሽንኩርቱ እኔም ያን ቀን ብጠብቅ አይመጣም። መልካሳ ምርምር ማዕከል ለእኛው ፀሐይ የመረጣቸው እነ አዳማ ሬድና ቦምቤ ሬድ ግን ስለ ሰዓት ሳይነታረኩ ራሳቸውን ያበጃሉ።

ቱሊፑ የባሰ ነበር። ቱሊፕ አበባ የሚያወጣው መጀመሪያ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ብርድ ከቀመሰ ነው። የእንጦጦ ብርድ ለኛ እንጂ ለሱ አይበቃም። ስለዚህ ፍሪጅ ገባ፤ ከንጥር ቅቤው ጎን፣ በወረቀት ከረጢት። ሙዝና ፖም አጠገቡ እንዳይደርሱ ታዘዝን፤ ከሚበስል ፍሬ የሚወጣው ጋዝ እምቡጡን ከውስጥ ያደርቀዋልና። መብራት በጠፋ ቁጥር የቱሊፑ ክረምት ይቋረጣል። ሲመለስ እንደገና ክረምት ይሆናል። እንዲህ ያለ የአየር ጠባይ መለዋወጥ የትኛውም አገር የለም።

አማቴ ሊጠይቁን መጥተው የነበረ ጊዜ ነው። እሳቸው ያሉበት ማድ ቤት ሥራ አይፈታም። ከረጢቱን አግኝተው፣ “እነዚህ የሐበሻ ሽንኩርቶች ሊበላሹ ነው” ብለው ለምሳ አወጧቸው። አንዱን ልጠው መክተፊያው ላይ ከፈሉት። ሁለተኛውን ከፈሉት። ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጠው ዓይናቸውን በክንዳቸው አሻሹና፣ “ይሄ ሽንኩርት አያስለቅስም” አሉ፤ ሐሰተኛ ብር ያገኘ ሰው በሚናገርበት ድምፅ። ወጡ በዚህ ተረፈ።

አማቴ በአንድ ክትፊያ የደረሱበትን ሌሎች በቤተ ሙከራ ለፍተውበታል። ሽንኩርት ሳይቆረጥ ማንንም አያስለቅስም። የሚያስለቅሰውን ነገር የሚሠሩት ቅመሞች ሴሉ ውስጥ በተለያየ ክፍል ተዘግተው ይኖራሉ። ቢላዋው ግድግዳውን ሲያፈርስ ይገናኛሉ፣ ጋዝ ይሆናሉ፣ ዓይን ይፈልጋሉ። ጋዙን ለይቶ የሚያመርተውን ኤንዛይም ያገኙት የጃፓን ተመራማሪዎች ናቸው፤ በፈረንጆቹ 2002 ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጡት፣ በ2013 ደግሞ መጀመሪያ አስቀው ቀጥሎ የሚያሳስቡ ሥራዎች የሚሸለሙበትን ኢግ ኖቤል በኬሚስትሪ ተሸለሙ። ቱሊፕ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ግን ለሰው ምግብነት አልተፈጠረም፤ ሆድንም ቆዳንም ይቆጣል። ሆላንዶች ራሳቸው በፈረንጆቹ 1944 እና 1945 መካከል በነበረው የጦርነት ክረምት ረሃብ ሲጠናባቸው ኮረቱን ቀቅለው በልተዋል። የእነዚያው ሰዎች ቅድመ አያቶች በ1637 የቱሊፕ ዋጋ በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ገንዘባቸውን አጥተውበታል። ባለቤቴ ይህን ከሰማች በኋላ፣ “በሁለቱም መንገድ አላዋጣቸውማ” ብላ ከረጢቱን ወደ ፍሪጅ መለሰችው።

ጥር ላይ ተተከሉ፤ ከሁሉም አንዷ አበበች። አጭር ነበረች፤ ቀይ ነበረች፤ ፀሐዩ ከበደባትና ብዙም አልቆየች። ሰፈሩ ግን ተሰብስቦ አየ። ጥያቄውም አንድ ዓይነት ነበር፤ “ይበላል?”

የካቲት ገብቶ ዐቢይ ጾም ሲያዝ የጓሮው ሰው የዓመቱን ትልቁን ግፍ ያየዋል። ለ55 ቀን አገር ሁሉ አትክልት ይፈልጋል፤ በዚያው ሰሞን መሬቱ ዓመቱን ሙሉ ያልነበረበት ድርቀት ላይ ነው። በልግ ከመጣ መጣ፤ ካልመጣ ጄሪካን ነው። ጾሙን ወደ ነሐሴ የሚያዛውር ሥልጣን ቢኖረኝ ባልኩ ጊዜ እማማ አማተቡብኝ። ደግነቱ በዚህ ወቅት ነጭ ሽንኩርቴ በረንዳ ላይ ተሰቅሎ፣ በሰላም፣ የግሌ ሆኖ ይኖራል። በዚህ እኮራ ነበር፤ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም.።

ኮሮና አገራችን መግባቱ በተነገረ ሰሞን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ በገበያ በሽሚያ ተገዝተው ዋጋቸው ጣሪያ ነካ። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ ቢሆንም ከኮሮና እንደሚያድን ማስረጃ የለም ብሎ ነበር። ድርጅቱ ግን ያለው ጄኔቫ ነው፤ ጉንጉኑ ያለው የእኔ በረንዳ ላይ ነው። ሰው እየራቀ፣ አፉን በነጠላ እየሸፈነ፣ አጥሩ ጋ መቆም ጀመረ። ጎመን የሚፈልግን ሰው ቢያንስ በልብ መታዘብ ይቻላል። “ለመድኃኒት ነው” ያለን ሰው ግን በልብም መታዘብ ኃጢአት ነው። አንድ ራስ፣ ሌላ ራስ እያለ ጉንጉኑ ገመድ ሆኖ ቀረ። ሕጌ ከመሬት በታች ላለው እንጂ በረንዳ ላይ ለተሰቀለው አልሠራም።

የመጨረሻውን ምት ያሳረፈብኝ ራሱ ቀይ ሽንኩርት ነው። ማድ ቤት ቅርጫት ውስጥ ቆይቶ አረንጓዴ ቀንድ ያወጣ ሽንኩርት ስላገኘሁ እንዳይጣል ብዬ ተከልኩት። ቀይ ሽንኩርት የሁለት ዓመት ተክል ነው፤ በመጀመሪያው ራስ ያበጃል፣ በሁለተኛው ያብባል፣ ያፈራል። ያ ሁሉ ዘመን ምስጢረኛ ነው ያልኩት ሽንኩርት ውስጡ ባዶ የሆነ ረጅም አገዳ ቀጥ አድርጎ አወጣ፤ ጫፉ ላይ ነጭ ድቡልቡል አበባ ደፋ፤ ንቡን ሁሉ ጠራ፤ ከአጥሩ ከፍ ብሎ መንገደኛውን ሰላም ይል ጀመር። ደርቆ ጥቋቁር ዘሩ ሲታይ እማማ ቆም አሉ። ጤናውን ጠየቁ፤ ኑሮውን ጠየቁ።

“ዘሩ እንዴት አምሮበታል!”

“እማማ፣ ጎመኑን ተዉት፤ ሽንኩርቱን እንኳ ለኔ ቢተዉልኝ ምናለበት?” አልኳቸው፣ እየሳቅኩ ግን ከምሬ።

እሳቸው አልሳቁም። “ለመሆኑ የጎመኑን ዘር ማን ሰጠህ?” አሉኝ።

ትዝ አለኝ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው በመዳፌ ያፈሰሱልኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ያመጡት ከእናታቸው ቤት ነው። የነጭ ሽንኩርቱን የመጀመሪያ ራስ ያመጡልኝ አማቴ ናቸው። ጤና አዳሙ ከአንዱ ጎረቤት፣ በሶብላው ከሌላው፣ ኮሰረቱ ከታችኛው ግቢ። በጓሮዬ ውስጥ ገዝቼ ያመጣሁት ዶማውን ብቻ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ሰው ተውሶት ነው የሚገኘው። ሰፈሩ ይቆርጣል እያልኩ የማማው ሰው ለካ ወለዱን እየወሰደ ነበር፤ ዋናውን ገና አልነካም።

ስለዚህ ሕጉ ተሻሽሏል። ከመሬት በላይም ከመሬት በታችም ያለው የዘር ሰጪው ነው፤ የፍልፈል ድርሻ እንደተጠበቀ ሆኖ። ማሻሻያውን ያጸደቅኩት ግን ለእማማ ብዬ አይደለም፤ ከበስተጀርባው ያለው ጥቅም ስለታየኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ ቅጠል ብቻ ሳይሆን ዘርም በወረቀት ጠቅልዬ አስይዛለሁ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በተቆረጠ ጄሪካን ለሚተክለውና ከታች ፎቅ ነዋሪዎች ጋር በሚንጠባጠብ ውኃ ለሚካሰሰው የሥራ ባልደረባዬ ጎመን ሰጠሁ። ለባለቤቴ ወንድም ሽንኩርት ሰጠሁ፤ በግ እንዳያስር አስጠንቅቄ። ለሆላንዱ የአክስቴ ልጅ ሳይቀር በፖስታ አንድ ቋጠሮ ላክሁ።

ቆፋሪው፣ አራሚው፣ ውኃ አጠጪው ከእንግዲህ እነሱ ናቸው። እኔ ዘር ሰጪ ነኝ፤ ባለመብት ነኝ። ወገቤ ዶማ የማያነሣበት ቀን ሲመጣ በየሰፈሩ የሚከፈል ጡረታ አስቀምጫለሁ ማለት ነው። ከዚህ የሚቀልል ጡረታ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ቅጽ የለው፣ ጉርድ ፎቶ የለው፣ “ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ” የለው።